ስድሳ አራት ቦታ የገባው ድንጋይ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ቢሮው ደብረ ታቦር መሀል ከተማ ላይ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። አምስት ኮምፒውተሮች አሉ፤ ሁለቱ ሲሞቁ ይጮኻሉ። አለቃዬ ዮናስ ይባላል። አዲስ አበባ ሠርቶ ወደ አገሩ የተመለሰ የደብረ ታቦር ልጅ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ፎቶ ቤት ቆይቻለሁ። የሙሽራ ፊት አጠራ ነበር፤ የጉርድ ፎቶ ጀርባ እቀይር ነበር። ዮናስ የቀጠረኝም በዚያው ሙያዬ ነው። ፊት የሚያጠራ እጅ ግድግዳ ማጥራት አያቅተውም አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ፈተናዬ አንድ ሳጥን ነበር። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሳጥን ቆሟል፤ ቤት ነው ተባልኩ። የድንጋይ ግድግዳ ፎቶ ተሰጠኝና ዮናስ "አልብሺው" ብሎኝ ወጣ። ፎቶውን ለጠፍኩት። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ደህና መጣ። በጎንና በጎን ያሉት ድንጋዮች ግን እንደ ሊጥ ተለጥጠው ቀሩ። ብሞክር ብሞክር አልስተካከል አሉኝ።

ዮናስ ተመልሶ አየው፤ አልሳቀብኝም። ከታች ከመድኃኒት ቤቱ ባዶ ካርቶን አመጣና ጥግ ጥጉን በምላጭ ቀዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቤቱን መጀመሪያ እንዲህ ፍቺው አለኝ፤ ከዚያ በተዘረጋው ላይ ፎቶውን አስተኚ፤ ከዚያ መልሰሽ እጠፊው። ያን ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስፈታና ሳጥፍ ዋልኩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዮናስን አንቱ እለው ነበር፤ እሱ ነው ያስተወኝ።

ሥራችን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። በኮምፒውተር ውስጥ ሰው መነጽር አጥልቆ የሚገባበት ዓለም አለ። መንገድ፣ ቤት፣ ግንብ፣ ገበያ አለው። ቅርጹን የሚሠሩት ሞዴል ሠሪዎች ናቸው። እነሱ ሲጨርሱ ሁሉም ነገር ግራጫ ነው። ድንጋዩን ድንጋይ፣ እንጨቱን እንጨት የምናስመስለው እኛ ነን። በሙያው ስሙ ቴክስቸር ነው። እናቴ ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ ልባስ ነው አልኳት፤ ያልለበሰ ቤት አለብሳለሁ። እሷም ለጎረቤት ልጄ ልብስ ሰፊ ሆናለች ብላ ነገረች።

ትንሽ ዕቃ ማልበስ ቀላል ነው። ለአንድ በርጩማ አንድ ፎቶ ይበቃዋል። ትልቅ ሕንፃ ግን ሌላ ነው። አንዱን ፎቶ ለትልቅ ግንብ ብንዘረጋው፣ ሰው ሲጠጋው ይደበዝዛል። ስለዚህ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሚሆን ግድግዳ አንሥተን፣ የቀኙ ጫፍ ከግራው፣ የላዩ ከታቹ ጋር እንዲገጥም አድርገን እናዘጋጀዋለን። ከዚያ እንደ ወለል ሸክላ ጎን ለጎን እየደጋገምን ሕንፃውን በሙሉ እንሸፍንበታለን። ችግሩ ዓይን ነው። አንድ ለየት ያለ ድንጋይ ካለ፣ ከሩቅ ያየ ሰው መደጋገሙን ወዲያው ያውቅብናል።

የግድግዳ ፎቶ በደመና ቀን ነው የሚነሣው። ፀሐይ ካለች ጥላው አብሮ ይቀረጻል፤ በኋላ በኮምፒውተሩ ውስጥ ፀሐይዋን በሌላ በኩል ስናወጣት ሁለት ጥላ ይሆናል። ድንጋዩ እርጥብ መሆንም የለበትም፤ እርጥብ ድንጋይ ይጠቁራል፣ ያብለጨልጫል። ለእኛ አገር ደመና ችግር የለም። ደመና ኖሮ ዝናብ የሌለበትን ቀን ማግኘት ነው ጭንቁ።

በአራተኛው ዓመቴ ትልቁ ሥራ መጣ። ደንበኛዋ ካሪን የምትባል ውጭ አገር ያለች ሴት ነበረች፤ በቪዲዮ ነው የምናገኛት። ያሠራችን የደጋ ከተማ ነው፤ በመሀሉ ባለ ሁለት ፎቅ በር ያለው ረጅም ግንብ አለ። ግንቡን ማልበስ ለእኔ ተሰጠ። ዮናስ ይሄን ካሳመርሽ የቡድን መሪ አደርግሻለሁ አለኝ።

ለግንቡ የሚሆን ድንጋይ ፍለጋ ብዙ ዞርኩ። በመጨረሻ ከከተማው ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ አንድ ሰዓት ያህል በእግር የሚያስኬድ ቦታ፣ የአንዲት ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አገኘሁ። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በደንብ የተጠረበ፣ በኖራ የተያያዘ። ቄሰ ገበዙን አስፈቀድኩ። መቅደሱን ሳይሆን የውጭውን ቅጥር ከሆነ አንሺ አሉኝ።

ካሜራዬን ስተክል አንድ ሽማግሌ ከበሩ ሥር ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። አያ ታከለ ይባላሉ። የቅጥሩን ግንብ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው። ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። የግንብዎን ፎቶ ልወስድ ነው አልኳቸው። "ወስደሽ የት ልታቆሚው?" አሉኝ። በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ግንብ አለ፤ ያንን ላለብስበት ነው አልኳቸው። አልተደነቁም። በዱላቸው ወደ ግንቡ እያመለከቱ "ይሄ ግንብ እኮ…" ብለው ሊነግሩኝ ጀመሩ።

ደመናው እየተገለጠ ነበር። በጉና ተራራ በኩል ብርሃን ወጥቷል። ግፋ ቢል ሩብ ሰዓት ነው ያለኝ። "እሺ አያ፣ ስጨርስ ይነግሩኛል" አልኳቸው። መለኪያ ዱላዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ በኋላ የፎቶውን ቀለም የማስተካክልበትን ካርድ ሰቅዬ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተራመድኩ ሠላሳ ያህል ፎቶ አነሣሁ። ስጨርስ ፀሐይ ወጣች። የምመለስበት መኪና እንዳያመልጠኝ ዕቃዬን ሰብስቤ ሄድኩ። አያ ታከለ ሲያልቅ አሳይኝ አሉኝ፤ እሺ አልኩ። የጀመሩትን ወሬ አላስጨረስኳቸውም።

ልባሱ አማረ። ካሪን አንድ ነገር ብቻ አረመችኝ፤ ረጅሙ ግንብ ላይ መደጋገሙ ይታወቃል አለች። መፍትሔው የታወቀ ነው። አንዱን እንደነበረ ትቼ፣ ቀጣዩን ሩብ ዙር አዞርኩት። እንዲህ ሲሆን ዓይን ይታለላል። ላክነው፤ ተቀበለችው። ዮናስ ቢሮ ውስጥ በሁሉም ፊት አመሰገነኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ አያ ታከለ ለገበያ መጥተው ኖሮ ቢሮውን እየጠየቁ ደረጃውን ወጡ። ወንበር ሰጠኋቸው። ግንቡን ከፈትኩላቸው። በማውሱ እያዞርኩ ከሩቅ አሳየኋቸው፤ ከዚያ አቀረብኩት። ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው አዩት። የምስጋና ቃል እየጠበቅሁ ነበር።

"እስቲ ወደ ጥጉ ውሰጅኝ" አሉኝ።

ወሰድኳቸው። ይሄ ጥግ አይቆምም አሉ። ድንጋዩ በአንዱ ግድግዳ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል፤ በሌላው በኩል ደግሞ ሌላ ድንጋይ ይጀምራል። ጥግ ላይ ያለ ድንጋይ ዞሮ ሁለቱንም ግድግዳ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ሁለት ግድግዳ ተደጋግፎ ቆመ እንጂ ግንብ አይባልም። ከዚያ ቀጥለው እነዚህን ለምን አቆምሻቸው አሉኝ። ያዞርኳቸውን ማለታቸው ነው። ድንጋይ እንደ አፈጣጠሩ ይተኛል፤ ከቆመ ክብደት ሲመጣበት ይሰነጠቃል። እኔ ቀለም ነው ያየሁት፤ እሳቸው ክብደት ያዩ ነበር።

እነዚህን በማስታወሻዬ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

"ይቺን ድንጋይ አውቃታለሁ።"

ሁሉም የእርስዎ ናቸው እኮ አያ አልኳቸው። አይደለም፣ ይቺን ነው የምልሽ አሉኝ። ከጣታቸው ሥር አንዲት ጭረት ነበረች። እኔ የመሮ ጠባሳ መስላኝ ነው የተውኳት፤ እንዲያውም ለልባሱ ሕይወት ትሰጣለች ብዬ ነበር። አጉልቼ አየሁት። ጭረት አልነበረም። አውራ ጣት የምታህል፣ በመሮ የተቀረጸች "አ" ናት።

አዳነ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ግንቡን አብረው ሲሠሩ ከባሕር ዛፍ ከተሠራው መወጣጫ ላይ ወደቀ። ሦስት ቀን ቆይቶ አረፈ። አያ ታከለ ሥራውን ብቻቸውን ጨረሱና ወንድማቸው ከወደቀበት አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ የስሙን መጀመሪያ ጻፉ። ከእሳቸውና ከቄሶቹ በቀር የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ሊነግሩኝ የጀመሩት ይሄን ነበር።

ይሄን ተናግረው ሳይጨርሱ ዓይናቸው ወደሚቀጥለው ሄደ። "ይቺስ?" አሉ። እሷም ናት አልኳቸው። "ይቺስ?" ይቺኛዋ ተጋድማ ነበር፤ ያዞርኩት ላይ ስለሆነች።

"ልጄ" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ "ወንድሜ የወደቀው አንድ ጊዜ ነው።"

ተነሡ። ምሳ እንብላ ብዬ ለመንኳቸው፤ መንገደኛ ነኝ፣ ይምሽብኛል አሉና ደረጃውን እየተደገፉ ወረዱ። ከሄዱ በኋላ ቆጠርኩት። ስድሳ አራት ቦታ ነበረች።

ሰኞ ጠዋት አጠፋኋት። ቀላል ነው። ልባሱ አንድ ስለሆነ፣ አንዷን ካጠፋሁ ስድሳ አራቱም ይጠፋሉ። ከጎኗ ያለውን ድንጋይ ገጽ ቀድቼ ደረብኩባት፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ፎቶ ቤት ሳለሁ ከሙሽሮች ፊት ላይ ጠባሳ ያጠፋሁት በዚሁ መንገድ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ይሄን ልነግራቸው ሄድኩ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

አያ ታከለ ከቅዳሴ ወጥተው ቅጥሩ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጥፍቼዋለሁ አያ፣ አሁን አንድም ቦታ የለም አልኳቸው።

"እንግዲያው" አሉ፣ "ባንቺ ግንብ ላይ ማንም አልሞተም።"

ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኋቸው። ከልቤ ነበር የጠየቅሁት፤ ጠፍቶኝ ነበር። አንድ ጊዜ፣ በቦታው አሉኝ። ተነሥተው ወደ ሰሜን ምሥራቁ ጥግ ወሰዱኝ። ድንጋይዋ ከመሬት በላይ በስድስተኛው ረድፍ ላይ ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ ነካኋት።

ያን እሑድ ጥግ እንዴት እንደሚሠራ አስተማሩኝ። ጠጠሮች ሰብስበው መሬት ላይ ደረደሩልኝ። ረጅሙ ድንጋይ በአንዱ ረድፍ ወደዚህ ይተኛል፣ በሚቀጥለው ወደዚያ፤ እንደተጣመሩ የእጅ ጣቶች። ግንበኛ የሚጀምረው ከጥግ ነው፤ ቱንቢውን የሚጥለው እዚያ ነው፤ መሀሉን ኋላ ይሞላዋል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ከመሀል ነበር የምጀምረው። የጥግ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ፣ በሁለቱም ፊታቸው አነሣኋቸው። ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ደመና ነበር፤ አልቸኮልኩም።

ግንቡን እንደገና ላልብሰው ስለው ዮናስ እንቢ አለ። ደንበኛዋ ተቀብላለች፤ ሌላ ሦስት ሥራ ተደርድሯል፤ ሰው የለኝም አለ። አንዲት ፊደል ማን ያይልሻል ሲለኝ፣ አያ ታከለ አይተዋል አልኩት። አያ ታከለ ደንበኛችን አይደሉም አለኝ። እውነቱን ነው። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚመራው ቢሮ አለው።

ለካሪን ራሴ ጻፍኩላት። ይህ በቢሯችን ክልክል ነው፤ ከደንበኛ ጋር የሚነጋገረው አለቃ ብቻ ነው። አውቄ ነው ያደረግሁት። የድንጋይዋን ነገር፣ የጥጎቹን ስሕተት፣ መደጋገሙን በዝርዝር አስረዳሁ። ከሁለት ቀን በኋላ መልስ መጣ፤ ለዮናስም ግልባጭ ነበረው። ከተማው ለሕዝብ የሚከፈትበት ቀን አይቀየርም ትላለች። በአሥር ቀን ውስጥ ከደረሰና የፋይሉ መጠን ከቀድሞው ካልበለጠ እንቀበላለን፤ አንድ ነገር ከተበላሸ ወደ ድሮው እንመለሳለን።

ዮናስ ኢሜይሉን አንብቦ ጠራኝ። በሩን ዘጋው።

"ከኔ አልፈሽ ሄድሽ" አለኝ።

አዎ አልኩ።

"አሥሩን ቀን ሥሪው። ከዚያ በኋላ ግን የቡድን መሪነቱን እርሺው።"

ሠራሁት። መጀመሪያ ያዞርኳቸውን ሁሉ መልሼ አስተኛኋቸው። መደጋገሙን ለመስበር ሁለተኛ ልባስ ከሌላው የቅጥሩ ክፍል አዘጋጀሁ። ለጥጎቹ ብቻ የሚሆን ቀጭን ረጅም ልባስ ሠራሁና የግንቡን ጥጎች እንደገና ፈትቼ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ዞሮ ሁለቱን ግድግዳ እንዲይዝ አደረግሁ። ይሄ ሁሉ የፋይሉን መጠን አሳደገው። ከሌላ ቦታ መቀነስ ነበረብኝ፤ ከበሩ ፎቅ የሣር ክዳን ላይ ቀነስኩ። ቀና ብሎ ክዳን የሚያይ ጥቂት ነው። በአራተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ አንድ ቀን ተኩል ሄደብኝ።

ፊደሏን ለብቻዋ ሠራኋት። እንደ ቴምብር ያለች ትንሽ ልባስ ናት፤ ከሌላው ጋር አትደጋገምም። በሰሜን ምሥራቁ ጥግ፣ በስድስተኛው ረድፍ ለጠፍኳት። በዘጠነኛው ቀን ላክን። ካሪን ተቀብለናል፣ ጥጎቹ ጥሩ ናቸው ብላ መለሰች። ስለ ፊደሏ ምንም አላለችም።

ላፕቶፑን ይዤ ወደ አያ ታከለ ሄድኩ። ከግንባቸው ሥር ተቀምጠን አሳየኋቸው። ጥጉን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። ስድስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ሰው ይገባበታል አልሽኝ?" አሉ።

ይገባበታል፣ ከብዙ አገር አልኳቸው።

"ያነቧታል?"

ልዋሽ አልፈለግሁም። አያነቧትም አያ፣ ጭረት ነው የሚመስላቸው አልኳቸው። ይሁን አሉ። ከዚያ ወደ በሩ አዞሩኝና ቅስቱ መሀል ላይ ያለው ድንጋይ አነሰ፣ ይወድቃል አሉ። እሱ የሞዴል ሠሪው ጥፋት ነው፣ የኔ አይደለም ብላቸው ሳቁ። ለሞዴል ሠሪው ንገሪው አሉኝ። ነገርኩት፤ አላስተካከለውም።

ዮናስ ቃሉን ጠበቀ። ለቀጣዩ ሥራ ሌላ ሰው መሪ ሆነ። እኔ ስምንት ወር ያህል እንስራ፣ በርጩማና የእንጨት በር ሳለብስ ቆየሁ። የበታቼ የነበረ ልጅ ሥራዬን ይገመግም ነበር። አልወደድኩትም፤ ሁለት ጊዜ መልቀቂያ ጽፌ ቀድጃለሁ። በኋላ ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበት ጊዜ መጣ። ፋይሉን በሃርድ ዲስክ አድርገን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እንሰጥ ነበር። ግማሹ ሠራተኛ ለቀቀ። እኔ ቀረሁ። ዮናስ ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ቢሮውን ለእኔ አስረከበኝ። ስለዚያ ኢሜይል ከዚያ ወዲህ አንሥተን አናውቅም። ዛሬም ቢሆን ልክ ነበርሽ አላለኝም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምነግረው ሁለት ነገር ነው። ትልቅ ሕንፃ ስታለብሱ ከጥግ ጀምሩ። ሌላው፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ግድግዳውን ማን እንደሠራው ጠይቁ፤ ሰውየው በሕይወት ካለ የሚለውን አስጨርሱት። ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ስለ ኖራ ጥራትና ስለ ክረምቱ ነው፤ ለልባሱ የሚጠቅም ነገር አይገኝበትም። ግማሽ ቀን ይወስዳል። እሱም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠርላችኋል።